ከአይዳ እስከ አይዳ

ሙዚቃ የመራሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ግማሹ ነው የተመራልኝ።

ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ ደግሞ የደርግ። በትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል በሚከበርበት ዕለት ጠዋት የሙዚቃ መምህራችን ታመሙ የሚል ወሬ መጣ። ርእሰ መምህሩ ግቢውን በዓይናቸው ቃኝተው እኔን ጠሩ። የተመረጥሁት አኮርዲዮን ስለምነካካ ይሁን ከሌሎቹ በቁመት ስለምበልጥ እስከ ዛሬ አላውቅም። አርባ ልጆች በሁለት ረድፍ ቆመናል፤ ከፊት ለፊታችን የቀበሌ ሹማምንት ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ የምንዘምረው አብዮቱንና መሪውን የሚያወድስ መዝሙር ነው። እጄን አነሣሁ፤ አወረድሁ። በቀኝ የቆሙት ጀመሩ። በግራ የቆሙት ዝም ብለው አዩኝ። ደንግጬ እጄን ደግሜ ሳወርድ ግራዎቹ ከመጀመሪያው ስንኝ ተነሡ። አንዱ መዝሙር ሁለት ሆኖ ሄደ፤ ሁለት ጊዜም አለቀ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ለዚያ መዝሙር አለማጨብጨብ የሚቻል ነገር አልነበረም።

ማታ ጉዴን ለጎረቤታችን አጫወትኋቸው። በጃንሆይ ዘመን በማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ትሮምቦን ይነፉ የነበሩ፣ ኖታ ከአርመን መምህራን የተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ መሣሪያውን ቢያስረክቡም ከንፈራቸውን ማሞጥሞጥ አልተዉም ነበር። ስቀው ሲያበቁ የሻይ ብርጭቋቸውን መሬት አስቀመጡ።

«እጅህን እንዴት አድርገህ ነው ያነሣኸው?»

«እንዲሁ ነዋ፤ ለማውረድ ብዬ።»

«እኮ! ጥፋትህ እሱ ነዋ።» ተነሥተው ቆሙ። ቀኝ እጃቸውን ከደረታቸው ፊት ለፊት ወደ ላይ ሲያነሡ በአፍንጫቸው አየር ሳቡ፤ ትከሻቸውም አብሮ ከፍ አለ። እጃቸው ገና አየር ላይ ሳለ እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ስቤ ነበር። «ልጄ፣ ሁሉም ነገር የሚነገረው ሲነሣ ነው። ፍጥነቱ፣ ጉልበቱ፣ ቁጣው፣ ለቅሶው። እጅህ መውረድ ሲጀምርማ ረፍዷል።»

ያቺ ዕለት ሳትለቀኝ ኖረች። አንዲት ድምፅ የማያወጣ ሰው በምን ምክንያት ሙዚቀኛ ይባላል እያልሁ፣ ስለ ኦርኬስትራ መሪዎች ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና ቅጂዎቻቸውን ሳደምጥ ብዙ ዓመት ሄደ። ደጋግሜ የምመለሰው ግን ወደ አንድ ጣሊያናዊ ነው፤ ወደ አርቱሮ ቶስካኒኒ። እወደዋለሁ ለማለት አፌ አይደፍርም። ልተወውም አልቻልሁም።

የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። በ1867 ፓርማ ከተማ ተወለደ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። አባቱ ጣሊያንን አንድ ለማድረግ ከተዋጋው ከጋሪባልዲ ጋር የዘመተ ሰው ነበር። ልጁ በፓርማ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ ተምሮ በ1885 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ፤ በዓመቱም ወደ ደቡብ አሜሪካ በሚጓዝ የኦፔራ ቡድን ውስጥ ተቀጠረ። ቼሎውን ይጫወታል፤ በትርፍ ጊዜው ድምፃውያኑን ያለማምዳል።

ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሲደርሱ ቡድኑ ታመሰ። ብራዚላዊው መሪ ሊዮፖልዶ ሚጌስ ከጣሊያኖቹ ጋር ተጣልቶ ሥራውን ለቀቀ፤ ጥፋቱ የእነሱ ነው ብሎም በጋዜጣ አወጣ። የከተማው ሰው ለአገሩ ልጅ አደላ። ጁን 30፣ 1886 ማታ ቲያትር ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሚቀርበው የቬርዲ ኦፔራ አይዳ ነው። ተተኪው መሪ ብቅ ሲል በፉጨትና በጩኸት አባረሩት። ሌላ ተሞከረ፤ እሱም አልቀናውም። በዚህ ጭንቅ መሀል ነው ድምፃውያኑ ያንን የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቼሎ ተጫዋች ያስታወሱት።

ልጁ ወጣ። ከፊቱ የተዘረጋውን የኖታ ጥራዝ ዘጋው። በትሩን አነሣ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን ሙዚቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሉ መራው። ሲፎክር የመጣው ሕዝብ ሲያጨበጭብ ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያው ጉዞ 18 ኦፔራዎች መራ።

እኔ የማስበው ጥራዙን ስለ ዘጋበት ቅጽበት ነው። በአጠገቡ ለነበሩት ድፍረት መስሎ ይሆናል። ጠብ ፈላጊ ሕዝብ ፊት ለቆመ ልጅ ግን ሌላም ትርጉም አለው፤ ማጣቀሻ የለኝም፣ ማምለጫም የለኝም እንደ ማለት። እኔ በዚያ የወላጆች በዓል የመዝሙሩን ወረቀት በግራ እጄ ጨብጬ ነበር። አንዴም አላየሁበትም።

ታሪኩን እዚህ ላይ ላቁመውና ስለ አይዳ ላውራ፤ ለእኛ እንደ ማንኛውም ኦፔራ አይደለችምና። በግብጽ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆና የምታገለግል የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የምትወደው ሰው አገሯን ሊወጋ የተሾመው የግብጽ ጦር አለቃ ነው። መጋረጃው ተገልጦ የመጀመሪያው ድምፃዊ አፉን ሲከፍት ምን እንደሚል ያወቅሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። የግብጹ ሊቀ ካህናት ለወጣቱ መኰንን፣ ኢትዮጵያዊው ዳግመኛ ደፍሮ የዓባይን ሸለቆና ቴቤስን ሊያጠቃ ተነሥቷል እየተባለ ነው ይለዋል። ከ150 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፤ የዛሬ ጠዋት ዜና ይመስላል። ይህን ወሬ ሲናገር የሚያጅቡት ደግሞ ቼሎዎች ናቸው፤ ተከፋፍለው፣ ዝግ ብለው፣ ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ። በሪዮ ያን ማታ ከቼሎዎቹ አንዱ ወንበር ባዶ ነበር። ባለቤቱ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል።

ኦፔራውን ያሠራው የግብጹ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ነው። አልባሳቱና የመድረኩ ዕቃ የተሠራው ፓሪስ ነበርና ከተማዋ በፕሩሲያ ጦር ስትከበብ እዚያው ታገተ፤ ስለዚህ ካይሮ ላይ የታየው ዘግይቶ በዲሴምበር 24፣ 1871 ሆነ። አራት ዓመት ሳይሞላ ይኸው እስማኤል በመድረክ ያሸነፋትን ኢትዮጵያ በእውን ሊያሸንፍ ጦር ላከ። በኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፣ በማርች 1876 ጉራ ላይ አጼ ዮሐንስ የተቀበሉት እንደ ድርሰቱ አልነበረም። እኛም በበኩላችን ቂም አልያዝንም፤ የልዕልቲቱን ስም ወስደን ለሴት ልጆቻችን አወጣን። አንዲት አይዳ የሌለችበት የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ማግኘት ይቸግራል።

ኦፔራ መምራት ኦርኬስትራ ብቻ ከመምራት የሚከብደው ለምን እንደሆነም ያስተማረችኝ ይህችው አይዳ ናት። የሁለተኛውን ገቢር የድል ሰልፍ ውሰዱት። ቬርዲ ለዚህ ትርዒት ብሎ ረዣዥም ጥሩምባዎች አሠርቷል፤ ሦስቱ በአንድ ቅኝት፣ ሌሎቹ ሦስቱ በሌላ፣ ነፊዎቹም የሚቆሙት መድረኩ ላይ ነው። ኦርኬስትራው ከመድረኩ በታች ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል። ከኋላ ካህናቱ፣ ሕዝቡ፣ ምርኮኞቹ፣ መዘምራኑ። ከመድረኩ ጥግ የሚነሣ ድምፅ ጉድጓዱ ጋ እስኪደርስ ይዘገያል። በጆሮው ብቻ የሚመራ ሰው ሁሉንም ይጎትታል። ስለዚህ የመሪው እጅ ከሚሰማው ቀድሞ መሄድ አለበት፤ ጆሮው ያለፈውን ይቈጣጠራል፣ እጁ የሚመጣውን ይናገራል። በዚህ ላይ ድምፃዊቷ ትንፋሽ ልትወስድ ስትል ደረቷ ከፍ ሲል ማየት አለ። ሰው ነችና አንድ ቀን ትንፋሿ ያጥራል፤ ሰማንያ ሰዎች በአንድ ጊዜ እሷን መጠበቅ ወይም ማፋጠን ይኖርባቸዋል፤ የሚነግራቸውም ያ እጅ ብቻ ነው።

ከዚያ ሦስተኛው ገቢር ይመጣል። ሌሊት ነው፣ የዓባይ ዳር። ቫዮሊኖቹ አንዲቱን ድምፅ ከላይ ከታች እየተቀባበሉ ያንቀጠቅጧታል፤ ከላይ አንድ ዋሽንት። እዚህ ላይ መሪው ምንም አለማድረጉ ነው ጥበቡ። እጁን ትንሽ ከፍ ካደረገ ውኃው ይደፈርሳል። የቶስካኒኒን የ1949 ቅጂ ሳደምጥ ይህ ቦታ ሲደርስ መስኮቱን እዘጋለሁ። አይዳ ብቻዋን ቆማ አገሬን ዳግመኛ አላያትም ትላለች። ሀገር ቤት ተቀምጬ የስደተኛ እንባ የሚያስለቅሰኝ ይህ ቦታ ብቻ ነው።

በቃሉ መምራቱን ሰዎች እንደ ተአምር ያወሩታል። ነገሩ ግን ከዓይን ነው የሚጀምረው። ቶስካኒኒ ቅርብ እንጂ ሩቅ የማያይ ሰው ነበር፤ ከቆመበት ሆኖ የኖታውን ጥራዝ ማንበብ ይቸግረው ነበርና ሁሉን በአእምሮው ያዘ። ባሱን የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፋ ሙዚቀኛ ኮንሰርት ሊጀመር ሲል የመሣሪያዬ የታችኛው ቁልፍ ተሰበረ፣ ያችን ድምፅ ማውጣት አልችልም ብሎት፣ ሽማግሌው ጥቂት አሰብ አድርጎ «ግድ የለም፤ ያች ድምፅ ዛሬ ማታ የለችም» አለው ይባላል። ጨዋታው ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። እኛ አገር ግን ለማመን አይከብድም። ጋይንት ቤተልሔም ድጓ ያስመሰከረ መሪጌታን አሁን ሌሊት ቀስቅሳችሁ፣ ይህ ምልክት በየትኛው ዕለት መዝሙር ላይ ነው ብትሉት፣ ጋቢውን ሳያስተካክል ይነግራችኋል። ማኅሌት የቆመ ሰው እዚያም መምራት ምን እንደሆነ አይቷል። ከቁም ዜማው ወደ ዝማሜው፣ ከመረግዱ ወደ ጽፋቱ ሲሸጋገር መቋሚያው ነው የሚናገረው፤ ከበሮው በአንድ ጊዜ አይፈጥንም፣ አንድ ሰው ፈቅዶለት ነው። ልዩነቱ መሪጌታው ራሱ ያዜማል። የኦርኬስትራው መሪ ዝም ማለት አለበት። (ቶስካኒኒ ይህንንም አልቻለበትም። በቅጂዎቹ ላይ በተሰነጠቀ ድምፁ አብሮ ሲያንጎራጉር ይሰማል፤ እኔም ከዘፋኞቹ ይልቅ እሱን የምጠብቅበት ቦታ አለ።)

ታዲያ ይህን ሰው ታላቅ ያደረገው ትዝታው ነው ወይ? በቃሉ የሚይዝ ሰው ሞልቷል። እኔ የደረስሁበት፣ የሥራው ሁሉ ሥር አንዲት ቃል መሆኗን ነው፤ እምቢ።

ሥራውን በያዘበት ዘመን የጣሊያን ኦፔራ ቤት ከገበያ ብዙ አይለይም። መብራቱ አይጠፋም፣ ሴቶቹ ባርኔጣቸውን አያወልቁም፣ ሰው እራቱን በልቶ እኩለ ትርዒት ላይ ይገባል፤ ዘፋኙ ከፍ ያለ ድምፅ ላይ ሲደርስ እስኪሰለቸው ይዞ ይቆያል፤ ሕዝቡም ይደገም! ይደገም! ይላል፤ ጨዋታው ይቆምና ይደገማል። ሟች ተነሥቶ እጅ ነስቶ እንደገና ይሞታል። ቶስካኒኒ ይህን ሁሉ እምቢ አለ። አዳራሹን አጨለመ። ባርኔጣ አስወለቀ። ደራሲው ያልጻፈውን ጌጥ ከዘፋኞቹ አፍ ነጠቀ። በ1903 ሚላኖ በሚገኘው በላ ስካላ ኦፔራ ቤት ሕዝቡ ይደገም እያለ አላስቀጥል ሲለው ትቶ ወጣ፤ ሦስት ዓመት አልተመለሰም።

በመካከሉ ያለውን የሥራ ዘመኑን ብዘረዝር ገጽ ይፈጃል። ላ ስካላ፣ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ከ1908 እስከ 1915 (እዚያም በአይዳ ነው የጀመረው)፣ እንደገና ላ ስካላ፣ ከዚያ የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ። አንዱን ቀን ግን አልዘለውም። የፑቺኒን ላ ቦሄም ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሪኖ ላይ የመራው በፌብሩዋሪ 1፣ 1896 ነው። ልክ በወሩ አድዋ ሆነ። በዚያ አዳራሽ ከተቀመጡት መኰንኖች መካከል ምን ያህሉ መርከብ ሊሳፈሩ እንደነበር ማሰብ አልተውም፤ መድረኩ ላይ አንዲት ድሃ ልጅ በብርድና በሳንባ ሕመም ስትሞት እያለቀሱ።

ፑቺኒ በኖቬምበር 1924 ሲሞት የመጨረሻ ኦፔራውን ቱራንዶትን አልጨረሰውም ነበር። ሌላ ሰው ጨርሶት በኤፕሪል 25፣ 1926 ላ ስካላ ላይ ታየ። ቶስካኒኒ የደራሲው እጅ ያረፈበት ቦታ ሲደርስ በትሩን አስቀመጠ፤ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ጌታው እዚህ ላይ ነው የሞተው የሚል ቃል ተናግሮ ትርዒቱን አቆመ። ያን ማታ ሙሶሊኒ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። የፋሺስት ፓርቲው መዝሙር ካልተመታ አልገባም ብሎ፣ ቶስካኒኒም አልመታም ብሎ ነው የሚባለው።

ያ መዝሙር ጆቪኔትሳ ይባላል፤ ወጣትነት ማለት ነው። በየቲያትር ቤቱ ከዝግጅት በፊት እንዲመታ ይጠበቅ ነበር። በሜይ 14፣ 1931 ቶስካኒኒ ለሟቹ ደራሲ ለጁሴፔ ማርቱቺ መታሰቢያ ኮንሰርት ሊመራ ቦሎኛ ሄደ። ሹማምንት ስለሚገኙ የንጉሡን ማርሽና ጆቪኔትሳን አስቀድም ተባለ። የሰው መታሰቢያ ነው፣ አልመታም አለ። ማታ ከባለቤቱ ጋር በጎን በኩል ካለው በር ሲደርስ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ከበው ጠየቁት። አልመታም። በጥፊ መቱት፤ ፊቱን አቈሰሉት። ወደ ሆቴሉ ቢመለስም ተከትለውት መጥተው ከመስኮቱ ሥር ያንኑ መዝሙር እየዘመሩ ጮኹ። በሌሊት ከተማውን ለቆ ወጣ። ፓስፖርቱን ወሰዱበት፣ ሚላኖ ያለው ቤቱ በፖሊስ ተከበበ። ፓስፖርቱ ኋላ ቢመለስለትም እስከ 1946 ድረስ በአገሩ በትር አላነሣም።

በዚያን ጊዜ የስድሳ አራት ዓመት ሰው ነው። አንድ ደቂቃ የምትሆን ዘፈን ነበረች እኮ። ምታትና ወደ ሥራህ ግባ የሚለው ምክር ከስንት ወዳጅ አፍ እንደ ወጣ መገመት አያስቸግርም፤ እኛም አገር ስንቱ ተመክሯል።

ይህን ስጽፍ ወገኔ ለማድረግ እንዳልቸኩል ራሴን እይዛለሁ። በ1931 እምቢ ያለው ስለ እኛ ብሎ አይደለም፤ ጦሩ ወደ እኛ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ከመጀመሪያውም ንጹሕ አልነበረም። በ1919 ሙሶሊኒ ሚላኖ ላይ ለምርጫ ሲወዳደር በዚያው ዝርዝር ውስጥ የቶስካኒኒ ስም አለ። በአሳፋሪ ሁኔታ ተሸነፉ፤ ሰውየውም ፊቱን አዞረ። ያም ሆኖ ቀኖቹን አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጥ አንዳች ነገር ይሰማኛል። የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክን በስንብት ኮንሰርት የተሰናበተው በኤፕሪል 29፣ 1936 ነው፤ በስድስተኛው ቀን የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጣሊያን በሙሉ አደባባይ ወጥቶ በሚጨፍርበት በዚያ ዓመት፣ በዓለም ላይ ስሙ የገነነው ጣሊያናዊ ሙዚቀኛ በአገሩ ውስጥ የሚጨፈርበትን አንድም ኖታ አላሰማም። ለጥፊ ከሚበቃ እምቢታ ይህን ያህል ካገኘሁ ይበቃኛል።

ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ የጀርመናዊው ደራሲ የቫግነር ኦፔራዎች ወደሚቀርቡበት ወደ ባይሮይት አልሄድም አለ፤ እዚያ በ1930ና በ1931 መርቶ ነበር፣ ቫግነርንም እንደ ጸሎት ነበር የሚወደው። በዲሴምበር 1936 ቴል አቪቭ ሄዶ ከጀርመንና ከምሥራቅ አውሮፓ በተሰደዱ አይሁድ ሙዚቀኞች የተቋቋመውን የፍልስጥኤም ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ኮንሰርት መራ፤ ገንዘብ አልተቀበለም። መዝሙር ጠልቶም አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ለፊልም በተቀረጸው የቬርዲ ሥራ ውስጥ የአሜሪካንን መዝሙር በገዛ እጁ ጨመረ፤ ጣሊያንን በሚጠራው ስንኝ ላይም አገሬ ከሚለው ቀጥሎ «የተከዳሽው» የሚል ቃል አስገባ።

እስከዚህ ድረስ ጀግና ነው። አሁን የማልወደውን ልናገር።

የልምምዶቹ ቅጂ አለ። አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አይረሳውም። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ በጣሊያንኛ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ አሳፋሪዎች ይላል፣ በትር ሲሰበር ይሰማል። ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ሬዲዮ በ1937 ለእሱ ብሎ ኦርኬስትራ አቋቁሞለት ነበር፤ አገሪቱ ካፈራቻቸው ሁሉ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። እነዚያ ሰዎች ጸጥ ብለው ስድቡን ይቀበላሉ። ሰዓቱን አውጥቶ መሬት ላይ እየከሰከሰ ስላስቸገረ ሙዚቀኞቹ «ለልምምድ» የሚል የተጻፈበት ርካሽ ሰዓት ሰጡት ይባላል፤ እንደ ቀልድ ይነገራል። እኔን ግን አያስቀኝም። አምባገነኑን እምቢ ያለ ሰው እሱን እምቢ የሚሉ ሰዎች የሌሉበት ክፍል ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሠራ።

ይህን ቅጂ በአንድ ወቅት ለጎረቤታችን አሰማኋቸው፤ በዕድሜ ገፍተው ነበር። እስከ መጨረሻው አደመጡ። «ይህ ሰውዬ ትክክል ነው» አሉ። ከዚያ ጥቂት ቆይተው፣ «እኔ ግን ከሱ ሥር ብሆን ትሮምቦኑን ጥዬ እወጣ ነበር» አሉ። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ነው ያሉት።

መጨረሻው በኤፕሪል 4፣ 1954 መጣ፤ ካርኔጊ አዳራሽ፣ ሙሉ በሙሉ የቫግነር ሥራዎች፣ በሬዲዮ በቀጥታ የሚተላለፍ። ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው። ታንሆይዘር ከተባለው ኦፔራ በተወሰደው ክፍል መሀል እጁ ቆመ። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያልከዳው ትዝታ ባዶ ሆነበት። ጣቢያው ደንግጦ የብራምስን አንደኛ ሲምፎኒ ቅጂ ለአፍታ በአየር ላይ ለቀቀ። አዳራሹ ውስጥ ኦርኬስትራውን በምልክት አያይዞ ያሻገረው ፍራንክ ሚለር ነው ይባላል። ፍራንክ ሚለር ቼሎ ተጫዋች ነበር። የመጨረሻው ክፍል ገና ሳያልቅ ሽማግሌው በትሩን ጥሎ ወረደ።

ሰው ሁሉ ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል። እኔ የምወደው የቀጠለውን ነው። በዚያው ዓመት በጁን ወር እንደገና ወደ ካርኔጊ አዳራሽ መጣ፤ ሕዝብ የለም፣ ሬዲዮ የለም። ከዓመታት በፊት በሬዲዮ ከቀረቡት ኦፔራዎች ያልጣሙት ጥቂት ቦታዎች ነበሩና እነሱን ዳግም አስቀርጾ በቀድሞው ላይ ለማስለጠፍ ነው። ከሁለቱ ኦፔራዎች አንዱ አይዳ ነው። ሪዮ ላይ ጥራዙን ዘግቶ የጀመራትን ልዕልት፣ ከስልሳ ስምንት ዓመት በኋላ ባዶ ወንበሮች ፊት አንዲት መስመር እንዴት ተበላሸች ብሎ ሲያርም የሠራው የመጨረሻ ሥራው ሆነ። በጃንዋሪ 1957 ኒው ዮርክ አረፈ፤ የተቀበረው ሚላኖ ነው።

የሙዚቃ መምህራችንን ያገኘኋቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ለቅሶ ቤት ነው፤ ድንኳን ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር። ጸጉራቸው በረዶ ሆኗል። እጅ ነሥቼ ራሴን አስታወስኋቸው። ስሜን አላስታወሱም፤ ቁመቴን ግን አስታወሱ።

በልጅነቴ ያልገባኝ አንድ ነገር በጎልማሳነቴ ገብቶኝ ነበር። እኒህ ሰው በየዓመቱ ይታመሙ ነበር። ለመስቀል ደኅና ናቸው፣ ለገና ደኅና ናቸው፣ ለፈተና ደኅና ናቸው። የአብዮት በዓል ሲቃረብና ያ መዝሙር ሲዘጋጅ ግን ሆዳቸው፣ ጥርሳቸው፣ ወገባቸው። በማግስቱ ጠመኔያቸውን ይዘው ክፍል ውስጥ ናቸው። አንድም ጊዜ አልመራም ሲሉ የሰማቸው የለም።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ በወላጆች በዓል ዕለት ምን ነበር ያመመዎት?» አልኋቸው።

ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ በር አዞሩ፤ ሰው አለመኖሩን ያዩ መሰለኝ፤ ዛሬም ከልማድ።

«ታምሜ ነበር እኮ» አሉ። ከንፈራቸው ዳር ግን ሳቅ ነበር። «ለመሆኑ እንዴት ወጣልህ? ስንቶቹ ገቡልህ?»

«ግማሾቹ።»

ንፍሮ ከያዘው ሳህን ትንሽ ዘግነው ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«ደኅና ነው» አሉ። «ለዚያ መዝሙር ግማሽ ይበቃዋል።»